ሰፈሩ ተጠግቶት ስለታሸገው ጋዝ ቤት

ለወረዳው የንግድና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 9

ጉዳዩ፦ የታሸገው የማብሰያ ጋዝ ማከፋፈያ እንዲከፈትልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ወረዳ ማሳደግ ትልቅ ሥራ መሆኑን መግቢያው ላይ ካቆማችሁት ሰሌዳ ስላነበብኩ፣ ጊዜዎን ላለመሻማት በአጭሩ ለማመልከት እሞክራለሁ።

እኔ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የቢሮዎን መጋረጃ የሰፋሁትም እኔ ነኝ፤ «ወፈር ይበል፣ ኃላፊው ፀሐይ አይወዱም» ተብዬ ነበር። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ከእናቷ ጋር ነው። የአማቴ ደረት ጭስ አይችልም። ሐኪሙም፣ «ጭስ ያለበት ቤት የምታስቀምጣቸው ከሆነ መድኃኒቴን አታባክንብኝ» ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። በቤታችን በጋዝ የምናበስለው ለዚህ እንጂ ለቅንጦት አይደለም።

ጋዝ የሚያመጣልንን ሰው «አረፋው» እንለዋለን። ሲሊንደሩን ገጥሞ ብቻ አይሄድም፤ ሳሙና በጥብጦ መጋጠሚያውን በብሩሽ ይቀባና አረፋ ያወጣ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ያያል። እሱ ሳይጨርስ ክብሪት ያነሳ ሰው ወዮለት። ሚስቴ በሕይወት ሳለች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምሳ ልሥራ ወይስ ልብስ ልጠብ?» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ይህ ሰው ሥራ ሲጀምር ይኸው ጽሕፈት ቤት፣ «ጋዝ አደገኛ ነው፣ ከሰው ርቀህ ሥራ» አለው። ራቀ። ጅብ እንኳ ለመሄድ የሚሰንፍበት ድንጋያማ ሜዳ ላይ ማከማቻውን ሠራ። ከዚያ ወረዳው አደገ። ጽሕፈት ቤታችሁ በማከማቻው ዙሪያ የቤት መሥሪያ ቦታ ሸነሸነ፤ አጥሩን ተደግፎ የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ፤ ሪባኑንም እርስዎ ቆረጡ። ባለፈው ወር ደግሞ «ማከማቻው ለመኖሪያ ቤቶች እጅግ ቀርቧል» ተብሎ ታሸገ።

ክቡር ኃላፊ፣ ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የድንጋይ ቤት እግር አውጥቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ሰውን ወስዶ አስጠግቶ ሲያበቃ «ለምን ተጠጋህ» ማለት ዓይን ያወጣ ነገር ነው። ይህ ሲነገራችሁም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላችኋል። ሊሞላ የገባው የእኔ ሲሊንደርም እዚያው ታሽጎበታል።

አሁን ጋዝ የሚሸጠው አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ከመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ ነው። ሻጩ ጋዙ ይፍሰስ አይፍሰስ የሚፈትነው በላይተር ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤቴ ከእሱ ገዝታ ፊቷ ተለብልቧል፤ «ቅንድቤን የወረዳው ዕድገት ወሰደው» እያለች ታስቃለች። እኔ ደፍሬ አልገዛሁም። ከደጅ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በከሰል አበስላለሁ፤ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ያስገባዋል። አማቴ ትናንት፣ «ልጄን ተከትዬ እንድሄድ ከፈለግህ በአፍህ ንገረኝ፤ በጭስ አትላክብኝ» አሉኝ። ቀልዳቸው ነው። ከዚያ ሲስሉ ቆዩ።

ቢሮዎም መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ፣ «አባቴ፣ ዕድገት መሥዋዕትነት ይጠይቃል» አሉኝ። «የማንን?» ብዬ ብጠይቅ «ተራ ይጠብቁ» ተባልኩ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ የጋዝ ሽታ መጣ። ከሻይ ክፍላችሁ ነው፤ ሲሊንደሩ ከዚያው መኪና የተገዛ ነው። ከሠራተኞችዎ አንዱ አፍንጫውን ይዞ፣ «ሽንት ቤቱ ነው» አለና መስኮት ከፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ምን እንደሆነ አውቄ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያች ሰዓት በልቤ ምን እንደነበረ እግዚአብሔርና እኔ እናውቃለን። ኋላ ተነሥቼ ሻይ ክፍሉ ገባሁና ሲሊንደሩን ዘጋሁት። ሻይ አፍይዋ፣ «አባባ፣ ውሃው ሊፈላ ሲል ምን አገባዎት!» ብላ ጮኸችብኝ። የተነሣሁት ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎ፤ ምድጃው አጠገብ የቆመችው እሷ ስለነበረች ነው። እንዲህ ብሎ መጻፍ ቂም መሆኑን አላጣሁትም፤ ማታ ስጸልይ ይቅርታ ለምኜበታለሁ። ከአቤቱታዬ ግን አላወጣሁትም።

ስለዚህ የማከማቻው እሽግ ተነሥቶ አረፋው ሥራውን እንዲቀጥል፤ መዛወር ካለበትም ምትክ ቦታ ተሰጥቶት እስኪሠራ ድረስ ጋዝ በየቤታችን ማድረሱ እንዳይቋረጥ፤ በአዲሱ ቦታ ዙሪያም እንደ ልማዳችሁ መሬት እንዳትሸነሽኑ እጠይቃለሁ።

መልስዎ እምቢታ ከሆነ ግን በደብዳቤ አይላኩልኝ። ራስዎ ቤቴ ድረስ መጥተው ለአማቴ ይንገሯቸው። ጆሯቸው ደህና ነው፣ መጮህ አያስፈልግዎትም። ብቻ ሳላቸው ጋብ እስኪል ቆመው መጠበቅዎ አይቀርምና፣ ሲመጡ ሌላ ቀጠሮ አይያዙ።

ከሚገባዎ ሰላምታ ጋር
ልብስ ሰፊው፣ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ
(ፊርማ)