ዋስ ያልጠራ ዘበኛ

ሰኞ

ጠመንጃ አልሰጡኝም። አንድ ዱላ፣ ክንዴ ላይ የምትታሰር አንዲት ቀይ ጨርቅ፣ በቃ። አለቃችን «የጃንሆይ ጠመንጃ ዋስ ለሌለው አይሰጥም። እስከ ዓርብ ዋስ ጥራ፤ አለዚያ አገርህ ግባ» አለኝ።

የምጠራው የክርስትና አባቴን አቶ ወልዴን ነው። ቆዳ ነጋዴ ናቸው። ቁጡ ናቸው፤ ግን ቃላቸው ቃል ነው። ዓርብ እመጣለሁ ብለዋል።

ካልሆነስ? እርሻውን ወንድሜ ይዞታል። ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ድቁና ሊያስቀበሉኝ ሲሉ ግን ሸሸሁ። ሶዶ ውስጥ ዘበኛ መሆን ነው የምፈልገው፤ ሌላ ነገር አላማረኝም።

ማክሰኞ

ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ስዞር ዋልኩ። ሁለት ሰካራሞች ቤታቸው አደረስኩ። የጠፋች ፍየል አገኘሁ። ባለቤቷ ሰረቅሃት ሊለኝ ምንም አልቀረው።

አለቃችን የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው፤ ጠብ ስታዩ «በሕግ አምላክ!» በሉ፣ ሰምቶ የማይቆም የለም። ብቻዬን ወንዝ ወርጄ ተለማመድኩ። ድምፄ ቀጭን ነው።

ረቡዕ

ዝናብ። ምንም የለም።

ሐሙስ

የገበያ ቀን። ከሁምቦ የመጣ ሰውዬ በሬው የአቶ ወልዴን ቆዳ ረገጠባቸው። ስደርስ ሁለቱም ዱላ አንስተዋል። «በሕግ አምላክ!» አልኩ፣ ባለ በሌለ ድምፄ። አቶ ወልዴ ዱላቸውን እንዳነሱ ቀጥ አሉ። የሁምቦው ሰውዬ አማርኛ አይሰማም፤ ግንባራቸውን አላቸው።

እኔ የጉኑኖ ልጅ ነኝ። አፌን የፈታሁት በወላይትኛ ነው። አንዲት ቃል ጣል ባደርግለት ይቆም ነበር። አላልኩም። አለቃችን ያስጠናኝን ብቻ ጮኽኩ።

ሰውዬውን አሰርኩት። ነገ ይገረፋል ተብሏል። በጣም አዝኛለሁ።

ዓርብ

በጠዋት ለአለቃችን ነገርኩት። ሰውዬው አልሰማኝም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት።

«በአገሩ ቋንቋ መናገር ያቃተው ዘበኛ ምን ይሠራልኛል?» አለ። ግርፋቱ ቀረ፤ ሰውዬው ተፈቶ ይሂድ ተባለ። እኔም የሚመጣብኝን አውቄ ቀዩን ጨርቅ ከክንዴ ፈታሁ።

አቶ ወልዴ ግንባራቸውን በጨርቅ ጠምጥመው ገቡ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። «ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

አለቃችን ሳቀ። «ላስፈነከተዎት ልጅ?»

«እኔን አቁሞኛል። በዚህ ገበያ እስከ ዛሬ እኔን ያቆመ የለም።»

ጠመንጃውን ተቀበልኩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ገፉኝ። «ሂድ፣ ያንን ሰውዬ ራስህ ፍታው። ይቅርታም በለው፤ በቋንቋችሁ።»

ፈታሁት፤ አልኩትም። ከዚያ በሬውን ይዞ ሄደ። ይቅር ማለቱን አልነገረኝም።