ቅቤውን ከቤት ካስወጣሁ በኋላ

ውዴ አማረች፣ የቤቴ ምሰሶ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው መስቀል አለፈ። ሆሳዕና እንደምታውቂያት ናት፤ ጭቃውም ባጃጁም በዝቷል። እኔ ግን እንደምታውቂኝ አይደለሁም። መቀመጥ አቅቶኛል። ከወንበር ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ እላለሁ፤ ጓዳ ስገባም እጄ የሚሄደው ወደ ድስት ክዳን ነው። ትንሿ ልጃችን ሊዲያ ድስት መርማሪው የሚል ስም አውጥታልኛለች።

ነገሩ የጀመረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአምልኮ በኋላ አንዲት ነርስ ስለ ጡት ካንሰር ስታስተምር ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ውፍረት፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ አልኮል መጠጣትና ሳይንቀሳቀሱ መዋል አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ አለች። አትክልት፣ ጥራጥሬና ፍራፍሬ ማዘውተር ይበጃል፤ ይሁን እንጂ በአንድ ምግብ ምክንያት ታመመች የምትባል ሴት የለችም፣ ደህና የምትመገበውም ልትታመም ትችላለች፤ ስለዚህ ሴት ጡቷን ትወቅ፣ የተለየ ነገር ካገኘች ቶሎ ትምጣ ብላ ጨረሰች። እኔ ከዚህ ሁሉ ይዤ የተመለስኩት ምግቡን ብቻ ነው።

በማግስቱ ቅቤውን ከቤት አስወጣሁ። ዘይቱን በማንኪያ አስለካሁ፤ ለስላሳውንም ከለከልኩ። ለመስቀል ታናሽ እህትሽ፣ ከሴቶቹ የቅቤ እቁብ የደረሳትን ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ከፎንቆ ድረስ ብታመጣ፣ ከነኮባው ከበር መለስኩት። አታካናውም ያለ ቅቤ እንዲሠራ አዘዝኩ። ያንን ደረቅ የቡላ ገንፎ ማንም አልጨረሰውም፤ እህትሽም አኩርፋ ሄደች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ እኔን ደግሞ ጭንቀቴ ቅቤ አስባረረኝ። አትሳቂብኝ።

አንቺ እኮ ከዚያ ቅቤ ብዙም አትበይም ነበር። ለእንግዳ፣ ለአራስ፣ ለልጆች ትይና ለራስሽ የሚተርፈው ጎመንና ቆጮ ነበር። ጠላ እንኳ ቀምሰሽ አታውቂም። ገበያ ስንሄድም አንቺ ከፊት፣ እኔ እያለከለክሁ ከኋላ። ታዲያ ከምግብሽ የቱን ልክሰስ? ይህን እያወቅሁም ድስት መክፈቴን አልተውኩም፤ ጥፋቱን ከድስት ካላገኘሁት የት እንደምፈልገው አላውቅም ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ። ስለ ቅቤ የማወራው ስለ ጡት ማውራት ስላቃተኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣ የሰውን አካል በጠመኔ ስዬ እያንዳንዱን በስሙ የጠራሁ ሰው፣ በገዛ ልጆቼ ፊት ቃሉ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። አንቺም እብጠቱን ስታገኚ ለእኔ መንገር አፍረሽ ለወራት ብቻሽን ተሸከምሽው። በአንድ አልጋ እያደርን ይህን ያህል መተፋፈርን ማን እንዳስተማረን እንጃ። ይቆጨኛል።

ባለፈው እሁድ ትልቋ ልጃችን ቤተልሔም ከምታስተምርበት ከሾኔ መጥታ ለምሳ ቀረብን። እንደ ልማዴ ስለ ወጡ ዘይት ጀመርኩ። እሷ አንዴም ሳትጎርስ አንገቷን ደፍታለች። አንገት አደፋፏ የአንቺው ነበር፤ ያኔ፣ ሳትነግሪኝ በፊት፣ እንዲሁ ትቀመጪ ነበር። ወሬዬን አቋርጬ ጡትሽን ዳስሰሽ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሊዲያ መሬት መሬት አየች። ቤተልሔም አለቀሰች።

ከመስቀል በፊት ጀምሮ ግራ ጡቷ ላይ አንድ ጠጠር ያለ ነገር ይሰማታል። ያልነገረችኝ፣ ሾኔ ከጓደኞቿ ጋር ቅቤ የበዛበት ምግብ ትበላ ስለነበር፣ በአፍሽ ያመጣሽው ነው ይለኛል ብላ ፈርታ ነው። አማረች፣ እኔ ቅቤ እንዳይገባ በር ስጠብቅ፣ ልጄ እቤት በመጣች ቁጥር ከእኔ ትደበቅ ነበር።

ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንሄዳለን። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም ብላ ያቺው ነርስ በስልክ አጽናንታናለች፤ እኔ ግን ይህን የምጽፍልሽ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው። እህትሽን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። አብራን ትሄዳለች፤ ቅቤውንም ይዤ ነው የምመጣው ብላለች። ይዛ ትምጣ።

ሊዲያንም ዛሬ ጠየቅኋት። ፊቷ ቀላ፣ ግን መለሰችልኝ። ቃሌ ይኸው ነው፦ አንቺን ያልጠየቅሁሽን እነሱን እጠይቃለሁ፤ በጠየቅኋቸው ቁጥር አስታውስሻለሁ።

ያንቺው ሎምቤቦ