ሲወርድ ደስ ያለን ስኳር

ውድ ታዴ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ሁለተኛው ፋሲካ እየመጣ ነው። ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም፤ በሕይወት ሳለህም ውሸቴን ከፊቴ ላይ ታነበው ነበር።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ስትመኘው የኖርከው ኮንዶሚኒየም አንተ ካለፍክ በኋላ ወጣልን፤ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ። ያንን ተራራ የሚያህል ቁም ሳጥንህን በደረጃ ያወጡት ሰዎች አንተን ሳይረግሙህ አልቀሩም። ውሃ ስትፈልግ ትመጣለች፣ ስትፈልግ ትቀራለች። ልጃችን ማርታ ጠዋት ሚኒባስ ለመያዝ ተሰልፋ ትቆማለች፣ ማታ ዝላ ትገባለች። እኔ የድሮ ሰፈራችን አቃቂ የምሄደው ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ሆኗል።

ሌላው ወሬ ደግሞ ስኳር እኔንም ያዘኝ። ሻዬን ሳጣፍጥ ዓይንህን ታጉረጠርጥብኝ ነበርና አሁን ደስ ይበልህ። በአንተ መለኪያ የራሴን ጣት እየወጋሁ ነው። ጣቴን በወጋሁ ቁጥር ያ የመጨረሻው ዓቢይ ጾምህ ይመጣብኛል።

ጎህ ሲቀድ ክኒንህን በፀበል ትውጥ ነበር፤ መድኃኒት ምግብ አይደለም እያልክ። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ከቅዳሴ ስትመለስ ገና ሳትበላ ትለካለህ። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ወረደ፤ መቶ ሠላሳ የነበረው መቶ ሆነ፣ ቆይቶም ሰባ አምስት ገባ። መሣሪያውን ይዘህ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየህ። ጾሙ ፈወሰኝ አልክ፣ እኛም ተመስገን አልን። ስኳር በሽታ ማለት መብዛቱ ነው ብለን ነበርና መውረዱ ክፉ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ስቅለት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ሰገድክ። ከሴቶች ወገን ሆኜ አይህ ነበር። ላብ ሸሚዝህን አርሶታል፤ ግን በስቅለት የማያልበው ማን አለ? እጅህ ተንቀጠቀጠ፣ የስንቱ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምላስህ ሲተሳሰር ስግደቱ አድክሞት ነው ተባለና ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡህ፣ ፊትህን በውሃ አበሱልህ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ግቢ፣ የሚጣፍጥ ነገር ስጡት የሚል ከየት ይምጣ? ሆስፒታል ስንደርስ ጊዜው አልፎ ነበር።

እኔን በጤና ጣቢያው የምታየኝ ሲስተር ቁጥሮቹን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ጠዋት ሳይበላ የሚለካው ሌላ ነው፣ ከተበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ሌላ፤ አንዱን ብቻ ይዞ ድኛለሁ ማለት አይቻልም። ክኒን ተውጦ ሳይበላ ሲዋል ቁጥሩ የሚወርደው በሽታው ስለዳነ አይደለም። ከሰባ በታች ከሆነ ደግሞ ወዲያው ጣፋጭ ይወሰዳል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይለካል። ይህን ለአንተም ነግረውህ ደብቀኸኝ ይሁን ወይም ማንም ሳይነግርህ ቀርቶ፣ አላውቅም። ይኸው አለማወቄ እስካሁን ያናድደኛል።

ይህን ሁሉ ሰምቼም በዚህ ጾም መጀመሪያ ዓርብ ክኒኔን ውጬ፣ ሳልበላ ቅዳሴ ሄድኩ። አንተ እስከ ሞት የያዝከውን ጾም እኔ እንዴት ልተወው ብዬ ነው። ቅዳሴው መሃል ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ወደ በሩ ወጥቼ ለካሁ። ሃምሳ ስምንት። እውነቱን ልንገርህ ታዴ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ ወረደልኝ አልኩ። ከዚያ የአንተ ፊት መጣብኝና በድንጋጤ ደረቅሁ። ከበሩ ማዶ ካለው ሱቅ ለስላሳ ገዝቼ እዚያው ቆሜ ጠጣሁት። ነጠላ የለበሰ ሁሉ እያለፈ ያየኛል፣ እኔ እያለቀስኩ እጠጣለሁ።

በማግስቱ ለንስሐ አባታችን ሄጄ ተናገርኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ “ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም። ለእሱም ይህንኑ በነገርኩት ነበር፤ አልጠየቀኝም” አሉኝ።

አልጠየቀኝም። ምነው አንድ ቀን ብትጠይቃቸው ኖሮ? ይህን ሳስብ እበሳጭብሃለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ትናፍቀኛለህ፤ ሁለቱን መለየት አቅቶኛል።

ዘንድሮ ስቅለት ቁርሴን በልቼ፣ ለክቼ እሄዳለሁ፤ አቅሜ የቻለውን ያህል ስለ አንተ እሰግዳለሁ። ስምህ ከጸሎቴ አይጎድልም። አንተን እረሳለሁ ብዬ አልሰጋም። የምሰጋው ማርታ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለሁለታችንም እንዳትጽፍ ነው። ስለዚህ እበላለሁ ታዴ፤ ቅር እንዳይልህ።

ባለቤትህ