አባዬ የለካው አስር አምፔር

ውድ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? አጎቴና ቤተሰቡስ ደህና ናቸው? እኔም አባዬም አለን፤ እሱ ትንሽ ከሳ እንጂ ሥራውን አላቆመም። ስሙን ሳነሣ ፊትሽ ሲቋጠር ከዚህ ይታየኛል። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ የምጽፍልሽ ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

የኤሌክትሪክ ሥራ መማር መጀመሬን ሰምተሻል። በዚህ ሳምንት መምህራችን ቮልትና አምፔር ከታወቁ ሌላው እንደሚገኝ አስተማረን። ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍዪው የዕቃው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የመግታት አቅሙ፣ ስታባዢው ደግሞ የሚበላው ኃይል ይወጣል። አንቺ ጨርቅ በክንድሽ እንደምትለኪው ቀላል ነው። ለመለማመጃ ብዬ የአባዬን አሮጌ የሥራ ደብተር ስገልጥ፣ እኔና አንቺ እንሠራበት የነበረው የአጎቴ ስፌት ቤት ሊቃጠል ሁለት ቀን ሲቀረው የጻፈውን አገኘሁ።

የካውያውን መስመር የዘረጋው አባዬ ነው። ገመዱ ቀጭን ስለሆነ ሌላ ነገር እንዳትሰኩበት ብሎን ነበር። ካውያው በሁለት መቶ ሃያ ቮልት አምስት አምፔር ይስባል፤ ሬዚስታንሱ አርባ አራት ኦም፣ ኃይሉ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት። ያን ረቡዕ ግን አባዬ ሲለካ አስር አምፔር አገኘ። አካፈለ፤ ሃያ ሁለት ኦም። አባዛ፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት። ካውያ በድንገት እጥፍ አይበላም፤ እዚያው መስመር ላይ ሌላ ዕቃ አለ ማለት ነው። መጥቶ ጠየቀኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ምንም የለም አልኩት። ደብተሩን አጥፎ ሄደ።

የሰካሁት ከጠረጴዛው ሥር የደበቅኳትን ትንሿን ምድጃ ነበር። ለምን እንደነበረች ታውቂያለሽ፤ ከካውያው መስመር መሰካቷን ግን አልነገርኩሽም፤ ከሰዓት በኋላ ጣቶችሽ አልታጠፍ ሲሉሽ የምትዘፈዝፊበትን ውሃ የማሞቀው በእሷ ነበር። በማግስቱ ፊውዙ ተቃጠለ። አባዬን ብጠራው ምድጃዋን ያነሣብኛል ብዬ ራሴ ወፍራም ሽቦ አሰርኩበት። ፊውዝ ቀጭን የሆነው ቀድሞ ተቃጥሎ ቤቱን ሊያድን መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር። ዓርብ ቤቱ ጋየ።

አጎቴ ይህን መስመር ማን ነው የሠራው ብሎ ሲጮህ አባዬ እኔ ነኝ ብቻ አለ። አንቺም ልብስሽን ሸክፈሽ ወደ ወንድምሽ ወደ አጎቴ ቤት ሄድሽ። አምስት ዓመት ሙሉ ቤት አቃጣዩ እያሉ ሲጠሩት እየሰማሁ አፌን ዘጋሁ። እናቴ፣ አፍራለሁ። ትናንት እግሩ ላይ ወድቄ ነገርኩት። አውቃለሁ አለኝና መፍቻዎቹን መወልወሉን ቀጠለ።

ለአጎቴ እሁድ መጥቼ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ፤ የሚለኝን ሁሉ እችላለሁ። አንቺ ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንድታውቂ ፈልጌ ነው። ከስሌቱ ሥር አባዬ በእርሳስ የጻፈውን እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

«ምድጃዋ ትቆይ፤ እጇን ያማታል። ቅዳሜ ወፍራም ገመድ እዘረጋለሁ።»

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እሁድ ስመጣ ተመለሺ ብዬ አልለምንሽም። እሱም አልላከኝም፤ ደብተሩን ማየቴንም አያውቅም።

ልጅሽ