«ቀስ» ሲሉን ኖረው አንድ ቀን የሮጡት መምህርት

የሕይወት ታሪክ በልደት እንዲጀመር ወጉ ያዝዛልና በልደት እንጀምራለን፤ ልባችን ግን ገና ማክሰኞ ጠዋት፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ እንደ ተገተረ ነው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውቅ። ይህ ጽሑፍ የሚነበበው ለዚህ ሁሉ ሐዘንተኛ ቢሆንም፣ በተለይ የተጻፈው ከፊት ረድፍ ከአባቷ አጠገብ ለተቀመጠች አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ተማሪዋ «መምህሬ የሞቱት በእኔ ጥፋት ነው» ብላለች። ቤተሰቡ በአባቷ ፈቃድ፣ ይህ አባባል ፈጽሞ ስሕተት መሆኑን የመምህርቷን ሕይወት ከሥሩ በመተረክ ያስረዳል።

ተማሪዎቻቸው «እትዬ ቀስ» ብለው የሚጠሯቸው እህታችን፣ ከዳቦ ጋጋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 3 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅና ብቸኛ ሴት ልጅ ነበሩ። የምድጃው ሙቀት ክረምት ከበጋ በወለሉ በኩል ይዘልቅ ስለ ነበር፣ እናታቸው «ይህችን ልጅ እኮ እንደ ሊጥ ነው ያስነሣናት» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ዛሬ ይህን የሚሰማ ተማሪ አያምነን ይሆናል እንጂ፣ እትዬ ቀስ በልጅነታቸው የሚታወቁት በሩጫ ነው። ከትምህርት በፊት ዳቦ በቅርጫት ይዘው ለደንበኞች ያደርሱ ነበር። ዳቦ ከቀዘቀዘ አባታቸው ይቆጣሉና መራመድ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። የሰፈሩ ሰው ገና ኮቴያቸውን ሲሰማ «ትኩሷ መጣች» ይላል፤ ዳቦዋን ማለቱ ይሁን ልጅቱን፣ ለይቶ የጠየቀ አልነበረም። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አቅራቢያ ተከታትለው አጠናቀቁ። በትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር አንደኛ ወጥተው የተሸለሙት ዋንጫ ዛሬም በቤታቸው መደርደሪያ ላይ አለ፤ ላለፉት ብዙ ዓመታት የእርሳስ ማስቀመጫ ሆኖ አገልግሏል።

በ1975 ዓ.ም. የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በ1977 ዓ.ም. ተመረቁ። በዚያው ዓመት በቁልቁለቱ መንገድ ዳር ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠሩ፤ ሌላ መሥሪያ ቤትም አላወቁም።

እርምጃቸውን የለወጠው በማግሥቱ ዓመት የደረሰ አደጋ ነው። የምሳ ደወል እንደ ተደወለ የፎቁ ተማሪዎች እንደ ጎርፍ ደረጃውን ወረዱት። በመካከል አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ተደናቅፎ ወደቀና ሁለት የፊት ጥርሶቹን የመጨረሻው ደረጃ ላይ ትቶ ተነሣ። ወጣቷ መምህርት የልጁን አፍ በውሃ እያጠቡ ለባልደረቦቻቸው «ሩጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ድረሱ ብዬ» አሉ። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበሩና ምግብ ሲቀዘቅዝ ዓለም ያለፈች ይመስላቸው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ «ሩጡ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አልተሰማም። የወደቀው ልጅ ማን እንደ ነበር ለሚጠይቅ፣ የዛሬው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ናቸው። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑት ለትሕትና ብቻ እንዳልሆነ እነሆ ታወቀ።

በ«ሩጡ» ፋንታ «ቀስ» የሚለው ቃል የግቢው ሕግ ሆነ። እትዬ ቀስ ቃሉን ሲናገሩ አይጮኹም፤ ረዘም አድርገው ብቻ ይጠሩታል። ድምፃቸውን የሰማ ልጅ ባለበት ይቆማል፣ ፊቱን ወደ እርሳቸው ያዞራል፣ ዐይን ዐይናቸውን ያያል፤ ቀጥሎ የሚያደርገውን ያን ጊዜ ይነግሩታል። ይህን ሥርዓት ልጆቹ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ይማሩታል። አንባቢም ሰሚም ይህን አንድ ነገር ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀናቸው በበሩ ላይ ይጀምራል። አንድ በአንድ የሚገባውን ልጅ ጫማ ያያሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ስለ ትዳርና ስለ ሹመት ሲጠቅሰው፣ እርሳቸው ስለ ጫማ ማሰሪያ ነበር የሚጠቅሱት። ከምሳ በፊት በቧንቧው አጠገብ ይቆማሉ። ጣቱን አርጥቦ ሊያመልጥ የሞከረውን «ይሄ እጅ ውሃውን ሰላም ብሎት ነው የመጣው፤ ተመለስ» ብለው ወደ ሳሙናው ይሰዱታል። በገበታ ላይ ካሮቱና ጎመኑ ይቀድማል፣ ዳቦው ይከተላል፤ አፍ ሞልቶ ወሬ የለም፣ ቆሞ መብላት የለም። እንቁላል በሚቀርብበት ቀን ደግሞ አንድ ደፋር አይጠፋም። «መምህር፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይሄ መቼ ነው የሚሄደው?» ይላቸዋል። እርሳቸውም ፈገግ ሳይሉ «ቀስ ብለህ ካኘክኸው በአንተ እግር ይሄዳል» ይላሉ። ይህ ጥያቄና መልስ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል።

ከበሩ ውጭ ያለውን መንገድ ልጆቹ የሚሻገሩት ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበትን ሰማያዊ ገመድ ተከታትለው ይዘው ነው። የገመዱን ራስ የሚይዘው በሳምንቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሥርዓት ያከበረ ልጅ ነው። ይህ ክብር በልመናም በዝምድናም አይገኝም። በዚያው ትምህርት ቤት የተማረው የገዛ ልጃቸው አንድም ቀን ራሱን እንዳልያዘ፣ ጎልምሶም ቢሆን በቅሬታ ይናገራል።

ያፌዙባቸው አልጠፉም። አንድ ባልደረባቸው «በእትዬ ቀስ ግቢ ውስጥ ቀንድ አውጣም ቸኩለሻል ተብላ ተመክራለች» ብለው ነበር። በበሩ ላይ ከረሜላ ትሸጥ የነበረች እናትም፣ ጣፋጩን ትታ ፍራፍሬ እንድትሸጥ ሲመክሯት «እትዬ፣ በካሮት ልጅ ላሳድግ ነው?» አለቻቸው። እርሳቸው «አንቺ በከረሜላ ልጅሽን ስታሳድጊ እኔ ድድ ብቻ ላስተምር ነው?» አሏት። ተሳሳቁ፤ በበነጋታውም ብርቱካን ይዛ መጣች። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ራሳቸው ነበሩ። ሥርዓት ፍቅር የሚለብሰው የሥራ ልብስ መሆኑን ያልተረዳ ሰው ግትር ይላቸው ነበር፤ የተረዳው ግን ልጁን አምኖ ይሰጣቸው ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ከሰዓት ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት በሰዓት ምክንያት ነው። መምህርቷ የእጅ ሰዓታቸውን ይዘው ወደ ሱቁ ገብተው «ይቸኩላል» አሉ። ሰዓት ጠጋኙም አገላብጠው አዩና «ሰዓቱ ደኅና ነው፤ የዘገዩት እርስዎ ነዎት» አሉ። በዚህ አነጋገር የተጀመረው ትዳር ዛሬ ነርስ የሆነች ሴት ልጅና መሐንዲስ የሆነ ወንድ ልጅ አፍርቷል። ሰዓት ጠጋኙ «በቤታችን ውስጥ አንዱ ሰዓት ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፤ ምሳ ግን በሰዓቱ ይቀርባል» ይሉ ነበር። በዚህ ዓመት ማብቂያ መምህርቷ ጡረታ ሊወጡ፣ የጡረታቸውንም የመጀመሪያ ጠዋት ባልና ሚስት በእግር ሽርሽር ሊያሳልፉት ተነጋግረው ነበር።

ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት የሆነውን የምንጽፈው ብርቱካን ሻጯ ባየችው መሠረት ነው። ደጋግመን ጠየቅናት፤ ደጋግማ ያንኑ ነገረችን፤ አሁንም ጆሯችን አልለመደውም።

ገመዱን የያዙት ልጆች ተሻግረው ወደ ግቢ ገብተዋል። እትዬ ቀስ በበሩ ላይ ተንበርክከው የአንዲት አዲስ ተማሪ ጫማ ያስራሉ። ይህች የሁለተኛ ክፍል ተማሪያችን በሩ ላይ ስትደርስ የምሳ ዕቃዋ ተከፍቶ ብርቱካኗ ወደ መንገዱ ተንከባለለ። ልታነሣው ተመለሰች። በዚያው ቅጽበት ጡብ የጫነ መኪና ፍሬኑ እምቢ ብሎት ቁልቁለቱን እየወረደ ነበር። መምህርቷ ቀና ብለው አዩ። ከዚያም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአፋቸው ያልወጣው ቃል ወጣ፤ «ሩጪ» አሉ።

ልጅቷም ድምፃቸውን ሰማች። ባለችበት ቆመች፤ ፊቷን አዞረች፤ ዐይን ዐይናቸውን አየች።

እትዬ ቀስ ያን ጊዜ ሮጡ። ብርቱካን ሻጯ «እንደ ልጅ ነው የሮጡት፤ እግራቸው መሬት የነካ አልመሰለኝም» ብላለች። ልጅቷን አቅፈው ከመንገዱ ዳር ወደቁ፤ መኪናው አልፏቸው ከግንብ ጋር ተላትሞ ቆመ፤ ሾፌሩም ተረፈ። ልጅቷ ክርኗ ከመጫሩ በቀር አንዳች አልሆነችም። መምህርቷ ግንቡን ተደግፈው ተቀመጡና በዙሪያቸው ለተሰበሰቡት ሰዎች «ክርኗን በሳሙና እጠቡላት፤ ቀስ ብላችሁ፣ እንዳያማት» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሕይወታቸው አልፎ ነበር። መኪናው እንዳልነካቸው ሐኪሞች አረጋግጠዋል። በዚያ በር ላይ ግማሽ የታሰረ አንድ የልጅ ጫማ ቀረ። በሕይወታቸው ጀምረው ያልጨረሱት ቋጠሮ እርሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ድንጋጤ ከሰዓት በኋላ ደረሰን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሲከታተሏቸው የነበሩ የልብ ሐኪም ወደ ልቅሶው ቤት መጡ። የልባቸው የደም ሥር ጠብቦ እንደ ነበር፣ ሕክምናውንም ቶሎ እንዲጀምሩ ነግረዋቸው እንደ ነበር አስረዱ። «አይቸኩሉ፣ ደረጃ ሲወጡ እንኳ ቀስ ይበሉ» ሲሏቸው፣ እትዬ ቀስ ስቀው «ዶክተር፣ ይህንን ምክርማ ለሰው ስሰጥ ነው የኖርኩት» ብለዋቸው ነበር። ሕክምናውን «ልጆቹን በመንፈቀ ዓመት ለማን ጥዬ» በማለት ለዕረፍት ጊዜ አሳደሩት። ባለቤታቸው አያውቁም፤ ነርሷ ልጃቸው እንኳ አታውቅም። እውነት በሐዘን ቀን ዕረፍት አትወጣምና ይህን አናወድስላቸውም። ሆዱን ያመመው ልጅ ሁሉ ሳይደብቅ እንዲነግራቸው ያስተማሩ መምህር የራሳቸውን ሕመም ሊደብቁ አይገባም ነበር። በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ፣ ያመመውን ዛሬውኑ ለቤተሰቡ ይናገር።

በማግሥቱ የልጅቷ አባት መጥተው በደጃፉ ቆሙ፤ መግባትም ከበዳቸው። «ጋሼ፣ ልጄ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ‹ሩጪ ሲሉኝ ቆምኩ፣ ብሮጥ ኖሮ አይሞቱም ነበር› ትላለች» ብለው ለሰዓት ጠጋኙ ነገሯቸው። እርሳቸውም «አምጧት፤ ከእኔ ጋር ትብላ» አሉ።

ስለዚህ ልጃችን ሆይ፣ ታላላቆችሽ የሚሉትን ስሚ። መምህርሽ «ድምፄን ስትሰሙ ቁሙ፣ ወደ እኔም ተመልከቱ» ብለው አስተማሩሽ፤ አንቺም ያን አደረግሽ። ያን ጠዋት አዲስ የሆነው ቃሉ ነው እንጂ አንቺ አልተሳሳትሽም። ዕድሜ ሙሉ የተዘራ «ቀስ» በአንዲት «ሩጪ» አይነቀልም። ልባቸው የታመመው ከዚያ ጠዋት ብዙ ቀደም ብሎ ነው። የሮጡትም ወደው፣ አስበውና ችለው ነው። ትኩሷ የምትባል የዳቦ ጋጋሪ ልጅ የመጨረሻ መልእክቷን ሳይቀዘቅዝ አድርሳለች፤ ያደረሰችውም አንቺን ነው።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሰዓት ጠጋኙ እንቁላል ቀቅለው፣ ልጠው በልጅቷ ፊት አኖሩ። እርሷም ለረጅም ጊዜ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መቼ ነው የሚሄደው?» አለች። በአጠገባቸው የነበሩት ርዕሰ መምህር፣ አፋቸውን መሸፈን ረስተው «ቀስ ብለሽ ካኘክሽው በአንቺ እግር» አሏት። አኘከችው፤ ጨረሰችውም። ዛሬም ወደዚህ የመጣችው በገዛ እግሯ ነው።

እትዬ ቀስ ባለቤታቸውን፣ ሴትና ወንድ ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና ሁለት ታላላቅ ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም በየመንገዱ ተረጋግተው የሚራመዱ እጅግ ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ተለይተውናል። ያለ ማስጠንቀቂያ ከመካከላችን የወሰዳቸው ፈጣሪ፣ ነፍሳቸውን ሳያቻኩል፣ እጇን ይዞ ወደ ዕረፍቷ ያሻግርልን፤ ለቀረነውም የሰከነ ልብ ይስጠን።

ጸሎቱ ሲያበቃ ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሣ በትሕትና እናሳስባለን። አስቀድመው የሚወጡት ልጆቹ ናቸው፤ ሰማያዊው ገመድ በበሩ አጠገብ ተዘርግቷል። በዚህ ሳምንት የገመዱን ራስ ማን እንዲይዝ መምህራኑ ተመካክረዋል፤ ክብሩ እንደ ወትሮው በልመናም በዝምድናም አልተሰጠም። የተማረችውን ሳታጓድል ለፈጸመችው ለዚህች የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ተሰጥቷል። ልጃችን፣ ተነሺና ያዢው። እኛም እንከተልሻለን፤ ቀስ ብለን።