የተቃጠለው ደን እንጉዳይ

ለማከብርዎትና እንደ እናትም እንደ ታላቅ እህትም ለሆኑልኝ እትዬ፤

ከጤናዎ ልጀምር። እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ብርሃኑን ቻለው? ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋሉ ወይስ እንደለመዱት «ነገ ይደርሳል» እያሉ ነው? ሳን ሆዜ ዘንድሮ ቀድሞ ሞቀ አሉ፤ የጓሮዎ ጎመን አበባ ሳያወጣ ቶሎ ቶሎ ይቅጠፉት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጾሙንም እስካሁን በሰላም ይዤዋለሁ።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምዎት። ስልክ ላይ እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ እሰማለሁ፤ ከተዘጋ በኋላ ነው ልናገር የነበረው ትዝ የሚለኝ። አሁን ደግሞ ስልኩም ቀርቷል። ደብረ ዘይት ካለፈ ወዲህ ብደውል ብደውል አላነሱልኝም። እርስዎ ያለ ምክንያት የሚጨክኑ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ማጉያ መስታወትዎን ይዘው ቀስ ብለው ያንብቡት። ለተናኘ ግን እንድታነብልዎት አይስጧት።

ተናኘ የነገረችዎት ነገር ለእኔም ደርሶኛል። ሚልፒታስ ሥራ ስትገባ በቤትዎ በኩል እንደምታልፍ አውቃለሁ፤ ወሬውም ከእሷ ጋር እንደሚያልፍ መገመት ነበረብኝ። «የወንድምዎን ሚስት በሁዳዴ ጾም፣ ኦክላንድ አፕታውን ሰፈር፣ ከአንድ ወንድ ቤት ክንዱን አቅፋ ስትወጣ አየኋት» ብላለች። አልዋሸችም። ክንዳቸውን ይዤ ነበር። ባልይዛቸው ይወድቁ ነበር። እዚያ እንዴት እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልንገርዎት፤ ከዚያ በኋላ ይፍረዱ። የምፈራው የሰው አፍ አይደለም። የምፈራው የእርስዎ በር እንዳይዘጋብኝ ነው።

ሰውዬውን ያውቋቸዋል። አቶ ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ መኪና የሌለንን ሴቶች በየቤታችን የሚያደርሱት። ባለቤታቸው ገና ሱዳን ሳሉ ነው ያረፈችባቸው። በወንድምዎ ተዝካር ቀን ወንበር ሲያመላልሱ የዋሉት እሳቸው ናቸው፤ እርስዎም «ይህ ሰው ምሳ በልቷል ወይ?» ብለው የጠየቁላቸው።

ነገሩ የተነሳው ከመጽሐፍ ነው። ወንድምዎ «አንቺን ሰው ከሚያናግርሽ መጽሐፍ ቢያናግርሽ ይሻልሻል» ይለኝ እንደነበር ያስታውሳሉ። ብርዱ ሲገባ ከላይብረሪ ስለ እንጉዳይ የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተዋስኩ፤ መጀመሪያ የወሰድኩት ለሥዕሉ ነበር። እናቴ ሜዳ ላይ የበቀለውን ሁሉ «የጅብ ጥላ ነው፣ እንዳትነኪ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እዚህ መጽሐፍ ላይ ግን የጅብ ጥላው ሁሉ የየራሱ ስም አለው፤ የሚበላው ከማይበላው ተለይቶ ተቀምጧል። መዝገበ ቃላቴን አጠገቤ አድርጌ ቃል በቃል ገፋሁት። ከሁሉም አንዱ ከልቤ አልወጣ አለ። ሞረል ይሉታል። ቆቡ የማር እንጀራ ይመስላል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። በጸደይ ይወጣል፤ ደን ከተቃጠለ ደግሞ በቀጣዩ ጸደይ ካመዱ ውስጥ ይፈላል። መርዛማ ዘመድም አለው፤ ግን እውነተኛው ከላይ እስከ ታች ሲሰነጠቅ ውስጡ ባዶ ነው።

ይህን ሁሉ መኪና ውስጥ አወራሁ። አወራሁ ስልዎት አይሳቁ። አንድ እሑድ ሌሎቹ ሁሉ ወርደው እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር። አቶ ወልደ ሚካኤል የያዝኩትን መጽሐፍ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ቤቴ በር ላይ ደርሰን መኪናው ቆሞ እንኳ አልጨረስኩም። እሳቸው ጡረታ ሳይወጡ ከሳክራሜንቶ ማዶ ተራራው ላይ ላሉ ሆቴሎች አትክልት ያመላልሱ ነበርና አምና የተቃጠለውን ደን ያውቁታል። የመልቀሚያውን ፈቃድ ከደን ቢሮው እናወጣለን አሉ። «እርስዎ ዓይን ይሁኑ፣ እኔ መኪና እሆናለሁ።»

ልጄን ሶልያናን አማከርኳት። ፕሌዘንተን ቢሮዋ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበረች መሰለኝ፣ በሹክሹክታ «ማም፣ ጀስት ጎ»፣ ዝም ብለሽ ሂጂ፣ ብላኝ ዘጋችው። ልጅዎ መቼም በአማርኛ ሰምታ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው።

ሐሙስ፣ ሥራ በማልገባበት ቀን፣ በማለዳ ወጣን። ሳክራሜንቶን አልፈን ተራራውን ስንያያዘው ጆሮዬ ተደፈነ። እትዬ፣ የተቃጠለ ደን አይተው ያውቃሉ? ጥዶቹ እንደቆሙ ነው የሞቱት። ቅርፊታቸው ከሰል ሆኗል፣ የነካው እጅ ይጠቁራል። ዝም ያለ ነው ሲሉት አንዲት ወፍ ከሩቅ ግንድ ትቀጠቅጣለች። ከታች በአመዱ መሀል ሣር ብቅ ብቅ ብሏል።

መጀመሪያ ምንም አላየሁም። አቶ ወልደ ሚካኤል ደግሞ ያገኙትን ሁሉ እያነሱ «ይሄስ?» ይሉኛል። የጥድ ፍሬ ነው ስላቸው «የማር እንጀራ ይመስላል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ብለው ይከራከራሉ። አንድ ጊዜማ የተቃጠለ የቆርቆሮ ጣሳ አመጡልኝ፤ ሆን ብለው ሳይሆን አይቀርም። ደክሞኝ አንድ ግንድ ሥር በጉልበቴ ተቀመጥኩ። ያኔ አንዱን አየሁት፤ ጥቁር፣ ቁመቱ ጣት የሚያህል፣ አመድ የለበሰ። ቀና ስል ሌላ፣ ከጎኑ ሌላ። ስረግጠው የቆየሁት ቦታ ሁሉ ሞልቶት ኖሯል። በቢላ ከሥሩ እቆርጣለሁ፣ ሰንጥቄ ባዶነቱን አያለሁ፣ እሳቸው ቅርጫቱን ይዘው ይከተሉኛል። በመሀል የሆነ ሰው ሲያንጎራጉር ሰማሁ። እኔ ነኝ። እሳቸው ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በመኪናው ኮፈን ላይ ዳቦ ቆሎና ብርቱካን ዘርግተን ቀማመስን።  ስንመለስ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ ሬዲዮኑ ተዘግቶ፣ ኮታቸው ጉልበቴ ላይ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥፋቱ መጣሁ። መጽሐፉ መጨረሻው ላይ ስለ አበሳሰል አንድ ምዕራፍ ነበረው። እሱን ዘለልኩት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ንቄ ነው። ከእርስዎ ጓዳ የወጣ ሰው ወጥ ቤት ሥራ ከፈረንጅ መጽሐፍ ይማራል? አልኩ። እርስዎ እንዳሳዩኝ አድርጌ ከተፍኩት። ዘይቱን በኮረሪማና በኮሰረት አሞቅኩ፣ ሚጥሚጣውን ነሰነስኩ፣ ድስቱን ከእሳት አውርጄ ለብለብ አደረግኩት። ለብለብ ብቻ። «የበሰለ ክትፎ ጥብስ ነው» የሚሉት ነገር በጆሮዬ ነበር። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ጾሜን የፈታሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። እኔ በጉርሻ ልክ ቀመስኩና የቀረውን በዕቃ አሽጌ በማግሥቱ ለአቶ ወልደ ሚካኤል ሰጠኋቸው። ቤቴ በር ላይ ነው የተቀበሉኝ፣ ቤት አልገቡም፤ ይህቺን ብቻ ለተናኘ ሊነግሯት ይችላሉ።

ለካ ይህ እንጉዳይ ጥሬውን መርዝ ነው። በደንብ ሲበስል ብቻ ነው የሚበላው። የዘለልኩት ምዕራፍ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፎ ነበር።

አመሻሹ ላይ ወደዱት እንደሆነ ልጠይቅ ደወልኩ። ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። ምን ሆኑ ስላቸው «ትንሽ ሆዴን ነው፤ ያልፋል» አሉኝ።

እትዬ፣ ይህን ቃል ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ አምኜ፣ ብርድ ልብስ ደርቤ፣ መብራቱን አጠፋሁ። ከማን እንደሰማሁት ለእርስዎ መጻፍ አያስፈልገኝም። አርባው እስኪወጣ ከጎኔ ተኝተው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። አለመጠየቅዎን ስንት ጊዜ እንዳመሰገንኩት፣ ስንት ጊዜም እንደፈራሁት፣ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ነጠላ እንኳ ሳልለብስ ወጣሁ። አፕታውን እስክደርስ የትኛውን መንገድ እንደሄድኩ አላስታውስም። በሩን ሲከፍቱልኝ ፊታቸው ያን ደን መስሏል። «ያልፋል አልኩ እኮ፣ ምን አመጣዎት?» አሉ።

«አያልፍም። ጫማዎን ያድርጉ» አልኳቸው።

የሰው ዓይን እንዳለ፣ ሰፈሩ የሐበሻ እንደሆነ ሊያስረዱኝ ሞከሩ። ይኑር አልኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ሶልያና እንዳሳየችኝ በስልኬ ኡበር ታክሲ ጠራሁ፣ ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው። ተናኘ ከማዶ ምግብ ቤት ስትወጣ ያየችን ያኔ ነው። ሰላም እንኳ ሳልላት አለፍኩ፤ ምናልባት ያ አስቀይሟት ይሆናል።

ሆስፒታል ነርሷ እየመዘገበች «ለታማሚው ምናቸው ነሽ?» አለችኝ። ሚስት አይደለሁ፣ ዘመድ አይደለሁ፣ ጎረቤት እንኳ አይደለሁ። «ያበሰልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሳቋ መጣ። እሳቸውም አልጋው ላይ ሆነው ሳቁ፤ ሲስቁ እንደገና አስመለሳቸው። ሐኪሙ ውሃ ከሰውነታቸው ስላለቀ ነው እንጂ ለክፉ አይሰጣቸውም፣ ቶሎ መምጣታችሁ ግን ጥሩ ነው አለ። ቶሎ የምትለዋን ስሰማ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። እንጉዳይ ለበላ ሰው እንዲያ ተደርጎ አይለቀስም።

ስመለስ ግሉኮስ ተሰቅሎላቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ክትፎው ግን ጥሩ ነበር» አሉ።  ቆየት ብለው «እንግዲህ አንዱን እንምረጥ። ወይ ሽማግሌ ልላክ፣ ወይ እርስዎ ምግብ መላክ ይተዉ» አሉኝ።

ልስቅ ስል ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኛል። ቀልድ አልነበረም።

ለማን ነው የሚልኩት? አልኳቸው። አባቴም እናቴም የሉ፤ ከወንድሜ ጋር ከተጠፋፋን ብዙ ዘመን ሆነን። ማታ ቤቴ ገብቼ አሰብኩ፤ በዚህ አገር ሽማግሌ የሚቆምበት የእኔ የምለው ደጅ የቱ ነው? ከኤርፖርት የተቀበለኝ፣ ካፖርት ያለበሰኝ፣ ሶልያናን ስወልድ ገንፎ ያገነፋልኝ ቤት አንድ ብቻ ነው። የሟች ሚስት ከሟቹ እህት እጅ ልትጠየቅ፣ ሰምተን የማናውቀው ነገር መሆኑን አላጣሁትም። ከእርስዎ ጀርባ ዞሬ ከማደርገው ግን ቢቀርብኝ ይሻላል። በማግሥቱ «ሳን ሆዜ ይላኩ» አልኳቸው።

«እምቢ ካሉስ?» አሉኝ።

«እሳቸው እምቢ ካሉ እምቢ ነው።»

 እሺ አሉ፤ ፊታቸው ግን እሺ አላለም። እኔም ያልኩት ከልቤ ነው፤ ከልብ መሆኑ ቀላል እንዳላደረገው ብቻ ይወቁልኝ።

ጾም ነውና አሁን ምንም አይነሳም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ቀሲስ ፍሬምናጦስና አቶ ንጋቱ በርዎን ያንኳኳሉ። እንደ ወጉ ቁጭ በሉ ቢሏቸው የመጣንበት ሳይፈጸም ብለው ይቆማሉ። እርስዎም እንደ ወጉ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይበሉ፤ «ዘመድ እንምከር» ብለው ይመልሷቸው፣ እኔም ሰው ያላት ልባል። ብቻ አቶ ንጋቱ ወገባቸውን ያማቸዋልና ረጅም ጊዜ አያቁሟቸው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ለሽማግሌዎቹ መልስ ከመስጠትዎ በፊት እኔን ሊጠይቁኝ የሚፈልጉት ነገር ይኖራል። ስለ ወንድምዎ፣ ስለዚያች ማታ። እስከ ዛሬ አዝነውልኝ ይሁን ፈርተው ይሁን አልጠየቁኝም። አሁን ይጠይቁኝ። የፊታችን ሐሙስ በባርት ባቡር እስከ ቤሪየሳ ጣቢያ እመጣለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ። ምንም ይዤ አልመጣም። በሩን ከከፈቱልኝ ቁጭ ብዬ፣ አንዱንም ሳልዘል፣ እመልስልዎታለሁ።

የጌታ ብርሃን ዓይንዎን ያጽናልዎት። ሕማማቱን በጉልበትዎ፣ ትንሣኤውን በደስታዎ ያሳይዎት። ጠብታውን አይርሱ።

ናፋቂዎ፣ ታናሽ እህትዎ
ከኦክላንድ