ዳንቴል ለለበሰው ስፒከር ባለቤት

ለተከበሩ አቶ ጋሻው፣
የልደታ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ ወይዘሮ ቦሰናስ? አዲሱ ሆም ቴአትርስ? የመጨረሻውን የጠየቅሁት ለወጉ ያህል ነው፤ ደኅንነቱን በየማታው በወለሌ በኩል ራሱ ይነግረኛል። እኔ ተመስገን ደኅና ነኝ፤ የመስኮቴን መስታወት ብቻ ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ብሎኩን ሙሉ በነፃ ስለሚያዝናኑልን ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሰሞን፣ ልጆች በግቢው ኳስ እየመቱ «የነዋሪውን ሰላም እንዳያውኩ» በፊርማና በማኅተም ማገድዎም የአስተዋይ መሪ ሥራ ነው። በኳሱ ጩኸት ምክንያት ከፊልምዎ አንዲት ፍንዳታ ብታመልጠን ማን ይጠየቅ ነበር?

ይሁንና ጥቃቅን ቅሬታዎች አሉኝ።

፩ኛ. ተዋናዮችዎ ሲያወሩ አይሰሙም፤ ሲታኮሱ ግን እስከ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ይሰማሉ። እርስዎ ሹክሹክታቸውን ለመስማት ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ፤ ወዲያው ቦምብ ይፈነዳል፤ ሪሞቱን ፈልገው እስኪቀንሱ ጦርነቱ ያልቃል። እኛ ፎቅ ላይ ያለነውም መሞታቸውን እንጂ ምን ተባብለው እንደተጣሉ ሳናውቅ እንቀራለን።

፪ኛ. ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ሳጥን የተደገፈው ግድግዳ የእርስዎ ብቻ አይደለም። በወዲያኛው በኩል አራሷ ጎረቤትዎ ሀዲያ ተኝታለች፤ ማለቴ፣ ለመተኛት ጋደም ብላለች። ሕፃኑ በስንት እሹሩሩ ባሸለበ ቁጥር ግድግዳው ዱም ይላል፤ እሱም አጸፋውን ይመልሳል። ትናንት ልጠይቃት ብገባ፣ «ጋሽ ሰላሁን፣ ቅዳሜ ጓዜን ጠቅልዬ አብነት ሰፈር እናቴ ጋ ልሄድ ነው፤ እዚህስ ሳላብድ አልቀርም» አለችኝ። ወይዘሮ ቦሰና ገንፎ ይዘውላት ገብተው «እረፊ እንጂ የኔ ልጅ» ያሏት እዚያው ግድግዳ ሥር ነበር። አራስ ከነልጇ በስፒከር ከቤቷ የተባረረችበት የመጀመሪያው ብሎክ ሊቀመንበር መሆን ትልቅ ክብር ነው፤ እንኳን አደረሰዎ።

፫ኛ. ይህኛው ከሁሉም የከበደ ነበር፤ ልጽፈው ብዕሬን ሳነሳ ከታች አንድ ሕንፃ ተደረመሰና ጠፋብኝ።

የሀዲያ ባለቤት ሙከሚል ይህንኑ በትሕትና ቢያመለክት «በባለሙያ ይጠናል» ብለው መልሰውታል። ባለሙያው እስኪገኝ ድረስ እኔ ልተካው። እንኳን ደስ አለዎ ልል የገባሁ ዕለት እንዳየሁት፣ ስፒከሮቹ ከካርቶን ሲወጡ የለበሱት ላስቲክ አልተገፈፈም፤ ለአቧራ ነው ብለውኛል። በላስቲኩ ላይ የወይዘሮ ቦሰና ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ክቡር ሊቀመንበር፣ ሰውስ ቢሆን አፉን በላስቲክ ታስሮ፣ በጋቢ ተከናንቦ ቢያወራ ማን ይሰማዋል? ቀጭኑ ድምፅ፣ የሰው ንግግር፣ እዚያው ታፍኖ ይቀራል፤ ወፍራሙን ቤዝ ግን እንኳን ዳንቴል ብሎኬትም አያቆመው።

ስለዚህ ላስቲኩን ይግፈፉት። የቤዙን ሳጥን ከግድግዳው አርቀው፣ ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ያንጥፉለት፤ ከጉልበቱም ትንሽ ይቀንሱለት። በሪሞቱ ላይ ጩኸቱንና ሹክሹክታውን የሚያቀራርብ ቁልፍ አለ፤ ሪሞቱም ላስቲክ ስለለበሰ ጠንከር አድርገው ይጫኑት። ያን ጊዜ ሹክሹክታው እርስዎ ጆሮ ይደርሳል፤ ፍንዳታውም ሳሎንዎ ውስጥ ይፈነዳል።

ዳንቴሉን ለማንሳት ከፈሩ አልፈርድብዎትም። ብሎክ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ቤቱን ያስተዳድራል ማለት አይደለም፤ እኔም ብሆን የወይዘሮ ቦሰናን የእጅ ሥራ አልነካም። ግን ለአራሷ ስጦታ ይሁን ቢሏቸው እሳቸው ራሳቸው ያነሱታል። ሕፃኑ ዳንቴሉን ለብሶ ይተኛል፤ ስፒከሩም ዕርቃኑን ቆሞ እንደ ሰው ያወራል። ለቅዳሜ ገና ጊዜ አለዎ።

በእግሬ ሥር ለሚኖሩት መሪዬ ከወንበሬ፣ ከብርጭቆዎቼና ከመስኮቴ ጋር በአንድነት እየተንቀጠቀጥሁ የማከብርዎ፣

ሰላሁን
ከላይኛው ፎቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሀዲያ ልጅም እንደ መሣሪያዎ ያሉት ሁለት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ ወይ አይሰማም ወይ ይጮኻል። እሱ ግን ገና አርባ ቀኑም አልሞላም፤ ይማራል።